የሞረዱን ጥፋት በልጁ ላይ አትጻፉ

የተከበራችሁ የኮሌጁ አመራሮች፣ የግዥና የንብረት ክፍል ባልደረቦች፣ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ቀን ያደረሳችሁ ወላጆች፣ እናንተም የዛሬው ቀን ባለቤቶች ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

በፕሮግራሙ ላይ የተጻፈልኝ ርዕስ «የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ለአገር ዕድገት ያለው ሚና» የሚል ነው። ስለ ዕድገቱም ስለ ሚናውም ከእኔ በፊት የነበሩት በሚገባ ተናግረውታል፤ መድገሙ ጊዜያችሁን መሻማት ይሆናል። እኔ በተሰጡኝ ደቂቃዎች ስለ ሞረድ ልናገር።

አዎ፣ ብረት ስለሚፋቅበት ጥርሳም መሣሪያ፣ ስለ ሞረድ።

በወርክሾፓችን ጥግ የቆመውን የመሣሪያ ቁም ሣጥን የማያውቅ ተመራቂ እዚህ የለም። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ጥቁር ጥቁሮቹ ናቸው፤ «ሸፊልድ» ወይም «ረምሻይድ» የሚል የእንግሊዝ ወይም የጀርመን ከተማ ስም የተመታባቸው፣ የእንጨት እጀታቸው በስንቱ መዳፍ ታሽቶ የለሰለሰ። ታች ያሉት አዲሶቹ ናቸው፤ ቀይ የፕላስቲክ እጀታ፣ መስታወት የሚመስል ኒኬል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሁላችሁም እጃችሁን የምትሰዱት ወደ ላይ ነው። ያረፈደ ከታች ይወስዳል። ለአዲሱ የሚሻማ ልጅ የለም። በዕድሜ ከወላጆቻችሁ የሚበልጥ ሞረድ ትናንት ከካርቶን ከወጣው ተመርጦ ሲወሰድ እያየን፣ «ለምን?» ብለን በወረቀት ላይ ያሰፈርን መምህራን ስንት ነን?

የመጀመሪያው ወር ሥራ ለሁሉም አንድ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብረት 62 በ62 ሚሊ ሜትር በሰጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ይቆረጣል፣ ሞርሳ በሚባለው የጠረጴዛ ማሰሪያ ላይ ይታሰራል፣ በሞረድ ወደ 60 በ60 ይወርዳል። አራቱ ጠርዞች ቀጥ ማለት አለባቸው፤ አራቱ ማዕዘኖች 90 ዲግሪ። ከዚያ ስኳድራ፣ የማዕዘን መለኪያው፣ ይደገፍበትና ወደ መስኮት ይያዛል። በስኳድራውና በብረቱ መካከል ብርሃን ከሾለከ ሥራው ገና ነው።

ደህና ሞረድ የያዘ ልጅ ይህን ሲሠራ ከሩቅ ይታወቃል። ጥርሱ ይነክስለታል፤ ስለዚህ አይታገልም። ወደ ፊት ሲገፋ ይጫናል፣ ሲመልስ ያቀላል። ድምፁ ረጅምና አንድ ወጥ ነው፤ ከሞርሳው ሥር የሚወርደውም ደቃቅ ዱቄት ሳይሆን በጣት ሲያሹት የሚቆረቁር ፍቅፋቂ ነው።

አሁን ከታችኛው መደርደሪያ የወሰደውን ልጅ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን ይነክስለታል፤ አዲስ ነዋ። በሳምንቱ የጥርሱ ጫፍ ማብረቅ ይጀምራል። የሚያበራ ጥርስ የተላጨ ጥርስ ነው። የማይነክስ ሞረድ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ልጁ የበለጠ ይጫናል፤ ሲጫን ትከሻው ይወጣል፣ ክርኑ ከጎኑ ይርቃል። ያኔ ሞረዱ ዥዋዥዌ ይጀምራል፦ ሲነሳ እጀታውን የያዘው ቀኝ እጁ ይከብዳል፣ ሲጨርስ ጫፉን የያዘው ግራ እጁ። የብረቱ ሁለቱ ጫፎች ይበላሉ፣ መሀሉ ያብጣል። ስኳድራው ሲጠጋ ብርሃኑ በሁለቱም ዳር ይገባል። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ያወጣና «አያያዝ ደካማ፣ ከ20፣ 9» ብሎ ይጽፋል።

ሞረዱ ከ20 ስንት አገኘ?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው! የሣጥኑን ሞረድ ማን ገዛው ብሎ መጠየቅ ስለሚያስፈራ፣ ጠያቂ የሌለውን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንመታለን። ከዚያ የባሰው ደግሞ በኋላ ይመጣል። ያ ልጅ እጁ ላይ የተማረው ዥዋዥዌውን ነው። ሲኦሲ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ ፈተና ላይ ደህና ሞረድ ቢሰጡት እንኳ ትከሻው እንደ ወጣ ይቀራል። መጥፎ መሣሪያ ጊዜ ብቻ አይበላም፤ መጥፎ እጅ ያስተምራል። ልጁም ቤቱ ሲገባ «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም» ይላል።

ሞረዱ ለምን ከዳው? ሞረድ የሚሠራው ወደ 1.2 በመቶ ካርቦን ካለው ብረት ነው። ጥርሱ የሚቆረጠው ብረቱ ለስላሳ ሳለ ነው፤ ከዚያ ግሎ በቅጽበት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብረት በእሳት ውስጥ ሲቆይ ከላዩ ያለው ካርቦን ይቃጠላል። ጥንቁቅ ፋብሪካ ጥርሱን በመከላከያ ልጥፍ ቀብቶ ወይም በቀለጠ ጨው ውስጥ አግሎ ካርቦኑን ያድናል። ይህንን የዘለለ ፋብሪካ ሆዱ ጠንካራ፣ ቆዳው ለስላሳ የሆነ ሞረድ ያወጣል። የሚሠራው ደግሞ ቆዳው ነው! ስትገዙት የሚታየው ሹልነት እውነተኛ ሹልነት ነው፤ የሚያቆመው ጥንካሬ ግን የለም።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሞረድ በሞረድ ይፈተናል። የታመነውን አሮጌ ሞረድ ያዙና በአዲሱ ሞረድ ጥርሶች ጫፍ ላይ በቀስታ ግፉት። እንደ ብርጭቆ ከተንሸራተተ አዲሱ ጠንካራ ነው። ከነከሰና ጥርሱን ከላጨው፣ ለእጀታው ፕላስቲክ ነው የከፈላችሁት። ቀጥሎ እጀታ ውስጥ የሚገባውን ጭራ ሞክሩ። እዚያ ደግሞ መንከስ አለበት፤ ጭራው ለስላሳ ካልተደረገ ሥራ መሀል ተሰብሮ መዳፍ ይወጋል። ከጥርሱ መንሸራተት፣ ከጭራው መንከስ፤ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ያልቃሉ።

አንድ ደቂቃ! ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ለመቁረጥ ከሚፈጀው ያነሰ ጊዜ ነው። ተረካቢ ኮሚቴው ግን ምን ያደርጋል? ይቆጥራል። «ሃምሳ ነው? ሃምሳ ነው።» ይፈርማል። ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ ሞረዱ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ቢላጭም ቢሰበርም በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ፣ የወሰደው ሰው ዕዳ ይሆናል።

«ሕጉ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ምረጡ ይላል» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰጠናል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ የሚወዳደረው መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ነው። መስፈርቱን የሚጽፈው ማን ነው? አቅራቢው አይደለም፣ የግዥ ክፍሉም አይደለም። እኛው ነን፣ ወርክሾፑ! በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ምን ብለን ነው የምንጽፈው? «ሞረድ፣ ጠፍጣፋ፣ 10 ኢንች፣ 50 ፍሬ።» በዚህ ጽሑፍ መሠረት የሞረድ ቅርጽ ያለው ማንኛውም ብረት ያሸንፋል፤ ያሸነፈውም እሱ ነው። በዚህ የግዥ ባልደረቦቻችንን ብቻ መውቀስ ነውር ነው።

እንዲህ ተብሎ ቢጻፍስ፦ «ሞረድ፣ ጠፍጣፋ፣ 250 ሚሊ ሜትር፣ ድርብ ቁርጥ፣ መካከለኛ ጥርስ፤ ከፍተኛ ካርቦን ካለው ብረት የተሠራ፤ የጥርሱ ጥንካሬ ከ62 ሮክዌል ሲ ያላነሰ፤ ጭራው ለስላሳ የተደረገ፤ በርክክብ ጊዜ ከየካርቶኑ ሁለት ፍሬ በሞረድ ተፈትኖ ካላለፈ ካርቶኑ በሙሉ የሚመለስ።» አምስት መስመር ነው። ርካሹ ሦስት ጊዜ ተገዝቶ ደህናው አንድ ጊዜ ቢገዛ፣ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ ያተረፈው ማን እንደሆነ ሒሳብ ክፍል ያስላው።

ሌሎቹንም ላንሳ። መፍቻ ላይ «ድሮፕ ፎርጅድ» ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። በእኛ አገር አነጋገር ፎርጅድ ማለት የውሸት ማለት ነው፤ በመፍቻ ላይ ግን በቅርጽ ውስጥ እየተቀጠቀጠ የተሠራ ማለት ነው፣ ምስጋና ነው። ቃሉ በመርካቶ ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው የጠንካራ ብረት ስምም እንዲሁ፤ ፊደል መምታት ብረት አያጠነክርም። መፍቻን በጽሑፉ ሳይሆን በአፉ ለኩት። የ17 ቁጥር አፍ በካሊፐር ሲለካ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ የብሎኑን ስድስት ማዕዘን በልቶ ክብ ያደርገዋል። ክብ የሆነ ብሎን ደግሞ በመሮ ወይም ብረት በሚበሳው ፑንታ ካልሆነ አይወጣም፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ይሆናል።

ሞርሳ። የርካሹ ገላ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ተራ ብረት (ካስት አይረን) ነው፤ ሲጫኑት ሳይጎብጥ በአንዴ ይነጠላል። «ሠልጣኙ ቧንቧ ቀጥሎበት አጠበቀው» ይባላል። እውነት ነው፣ ቧንቧ መቀጠል ጥፋት ነው፤ ልጆች፣ የእጀታው ርዝመት ለእጃችሁ ተለክቶ ነው የተሠራው። ነገር ግን በደህናው ሞርሳ ላይ ቀድሞ የሚጎብጠው የእጀታው ዘንግ ነው፤ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጓል። እጀታ በትንሽ ብር ይለወጣል። ገላው ሲሰበር የሚለወጥ ነገር የለም።

ፑንታ። ከላዩ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ሁሉ ኤችኤስኤስ፣ ማለትም ሙቀት የሚችል የመቁረጫ ብረት፣ አይደለም። ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ ጫፉ 250 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬውን መልቀቅ ይጀምራል፤ ኤችኤስኤስ እስከ 600 ገደማ ይታገሣል። የ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ለተራ ብረት በደቂቃ 1000 ዙር ገደማ ይበቃዋል፤ በ3000 አሽከርክራችሁ ያቃጠላችሁትን በፋብሪካው አታሳብቡ።

ይህን የምለው የድሮውን ሁሉ ለማሞገስ አይደለም። በድሮ ጊዜም ርካሽ ነበር፤ የተሰበረው የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሄዶ ስለቀለጠ አናየውም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው የተረፈው ነው። «የቻይና ነው» ብሎ መጨረስም ስንፍና ነው። እዚያው አገር ደህናውም ይሠራል፤ የመጣልን አስመጪው ያዘዘው ነው፣ አስመጪው ያዘዘው ደግሞ እኛ አምስት መስመር ባለመጻፋችን ያዋጣው ነው።

ምናለሽ ተራን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ ከመኪና ባሌስትራ፣ ክብደት ከሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ መሮና መጥረቢያ የሚቀጠቅጡትን ባለሙያዎች ንቀን አንለፋቸው። ባሌስትራ በውስጡ ግማሽ በመቶና ከዚያ በላይ ካርቦን አለው፤ ከብዙ ኒኬል የተቀባ መሮ ይሻላል። የሚጎድለው አንዳንዴ መጨረሻው ነው። ብረቱ ማግኔት መሳቡን እስኪያቆም ይጋላል፤ ከዚያም ትንሽ ይጨመርበትና ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ውኃ ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚህ አያበቃም። ጫፉ በአሸዋ ወረቀት ይጠረግና እንደገና በቀስታ ይሞቃል። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይመጣል፣ ከዚያ የደረቀ ገለባ ቀለም። ለእንጨት መሮ እዚያ ላይ ይቆማል። ሰማያዊ ከመጣ አልፏል፤ ጠርዙ ይታጠፋል። ይህን ሁለተኛ ሙቀት የዘለለ መሮ በመጀመሪያው የወይራ ቋጠሮ ላይ ይሸረፋል። ኮሌጃችን የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ምድጃ አለው፤ እነሱ መዶሻውን ያውቁበታል። ለምን እስከ ዛሬ አልተገናኘንም?

ስለ ግራይንደር አንድ ነገር ብቻ። የ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ይፈቀድለታል፤ የ230ው እስከ 6,650 ብቻ። የመሀል ቀዳዳቸው እኩል ስለሆነ ትልቁ በትንሹ ማሽን ላይ ይገባል፣ መከላከያው ከወለቀ። እንዲህ ስታደርጉ ዲስኩ ከተፈቀደለት እጅግ በላቀ ፍጥነት ይሽከረከራል። ቀጣሪያችሁ «አድርግ» ቢላችሁ፣ ዲግሪ ስለሌላችሁ አትሸማቀቁ፤ አላደርግም በሉ።

ወደ ሞረዴ ልመለስና ልውረድ። ከአዳራሹ መውጫ ላይ፣ ከሻይው ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንድ ሞርሳ ታስሯል። ጎኑ ላይ ከላይኛው መደርደሪያ የመጣ አንድ አሮጌ ሞረድ አለ፤ ዘንድሮ የተረከብነው ካርቶንም ሳይከፈት ተቀምጧል። የግዥ፣ የንብረትና የተረካቢ ኮሚቴ ባልደረቦች፣ ሻይ ከመቅዳታችሁ በፊት ካርቶኑን ክፈቱና ሁለት ፍሬ አውጥታችሁ ሞክሩ። ጥርሱን አንድ ጊዜ፣ ጭራውን አንድ ጊዜ። ተመራቂዎች አጠገባችሁ ቆመው ያሳዩአችኋል።