የተረሳው ብርጭቆ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ ቢራ ነው። አትሳቁ። አንድ ጠርሙስ ከፍሪጅ አውጥቼ ጎኔ አስቀምጫለሁ፤ ገና አልተከፈተም።

ለብዙ ጊዜ ከቢራ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ በረዶ ይቅዝቅዝ፣ ጥም ይቁረጥ፣ በቃ። ወይን ሲሆን ሰው ብርጭቆውን አዙሮ፣ አሽትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠጣው። ቢራን ማን ያሸታል? እኔም አላሸትም ነበር።

አንድ ማታ ጥቁር ቢራ እንደቀዳሁ ስልክ ተደወለ። ወሬው ረዘመ። ስመለስ ቅዝቃዜው ለቆታል። ልደፋው ነበር፤ ስስት ያዘኝና ቀመስኩት። ቡና ቡና አለኝ። ቀጥሎ ያረረ ዳቦ፣ ከዚያ ቸኮሌት። እንዴ! ቡናም ቸኮሌትም የለበትም እኮ። ለካ በጣም ሲቀዘቅዝ ምላስ ይደነዝዛል፤ ጣዕሙ ሁሌም እዚያው ነበር።

ነገሩ ያለው ገብሱ ላይ ነው። ገብስ ተዘፍዝፎ ይበቅላል፣ ይደርቃል፤ ብቅል ይሆናል። በስሱ የደረቀው ወርቃማ ቢራ ይወጣዋል። ለጥቁሩ ደግሞ የተወሰነው ልክ እንደ ቡና ይቆላል። ውሃ፣ ብቅል፣ እርሾ፣ ምሬቱን የሚሰጠው የሆፕስ አበባ። ብዙው ቢራ ከነዚህ አያልፍም።

እኔን የሚገርመኝ እርሾው ነው። የጀርመኗ ባቫሪያ የስንዴ ቢራ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል። አንዲት ሙዝ አልገባችበትም፤ ሽታውን የሚሠራው እርሾው ነው። ብራስልስ አካባቢ የሚጠመቀው ላምቢክ ደግሞ ጭራሽ እርሾ አይጨመርበትም። እሳት ላይ የፈላውን የብቅል ውሃ በሰፊ ገንዳ ክፍት አድርገው ያሳድሩታል፤ አየሩ ላይ ያለው እርሾ ራሱ ይገባበታል። ኮምጣጣ ነው። መጀመሪያ ስቀምሰው የተበላሸ ነበር የመሰለኝ፤ ግማሽ ብርጭቆ ላይ ስደርስ ሐሳቤን ቀየርኩ።

ውሃውንም አትናቁት። የቼኳ ፒልሰን ከተማ ውሃ ለስላሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያ የተጠመቀው ወርቃማ ቢራ ነው ዛሬ ዓለምን ለሞላው ቢራ አባቱ።

በነገራችን ላይ፣ ቡናማ ጠርሙስ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ቢራ ፀሐይ ላይ ከቆየ፣ ብርሃኑ ሆፕሱን ይለውጠውና ይገማል። ቡናማው ብርሃኑን ይከላከላል፤ አረንጓዴው ብዙም አያድንም።

አሁን ከጠርሙስ አልጠጣም። አረፋውንም አላባርርም፤ ሽታው የሚመጣው ከሱ ጋር ነው። ፀሐይ ሲያቃጥል ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀዝቃዛ ወርቃማ ቢራ ሳላሸት ጭልጥ አደርጋለሁ።

በሉ፣ ይኼኛውም ቅዝቃዜው ትንሽ ሳይለቀው አልቀረም። ልክፈተው። ስልኬንም አጥፍቻለሁ።