ማማሰያውንም ይዛችሁ ኑ

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። የምድጃ ዘመዶቼ ብላችሁ ይሻላል።

ስለ አሜሪካ ሼፎች ማኅበር ታሪክ አውራ ተባልኩ። እሺ። በፈረንጆቹ 1929 ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት የሼፎች ማኅበራት አንድ ሆኑና የአሜሪካን ኩሊናሪ ፌዴሬሽን ተወለደ። ዛሬ በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው።

እኔ የምወደው ግን 1976ን ነው። እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር የሥራ መደቦች መዝገብ ዋና ሼፍ የሚመደበው ከቤት ሠራተኛ ጋር ነበር። ያ ነጭ ቆብ ያደረገው ሰውዬ! ፌዴሬሽኑ ወጥሮ ያዘ። ከገፉት አንዱ ሃንጋሪ የተወለደው የቺካጎው ሼፍ ሉዊስ ሳትማሪ ነው። በመጨረሻ «ባለሙያ» ተብሎ ተጻፈ፤ ማኅበሩ በተመሠረተ በ47 ዓመቱ።

እኛስ?

አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥብ ነበር። ስሙ ይቅር። ወጡን የሚሠሩት አንዲት እናት ናቸው። ገና ሳይነጋ ይገባሉ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ያቁላላሉ፣ አይቸኩሉም። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው በሎሚና በጨው ያጥባሉ፤ እንደገና ያጥባሉ፤ ውሃው እስኪጠራ። በርበሬው መብሰሉን በጠረኑ ነው የሚያውቁት።

አንድ ቀን የጋዜጣ ሰው መጣ። ባለቤቱ ሮጦ ነጭ ኮት ለበሰ። ማማሰያውን ከእጃቸው ተቀብሎ ድስቱ ላይ ተገተረ። «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉ» አላቸው። ዞር አሉ። ፎቶው ሲወጣ አየሁት። ጠርዙ ላይ የሻሻቸው ጫፍ ብቻ ይታያል።

በ1978 እዚሁ ዋሽንግተን፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የተከፈተው የሐበሻ ምግብ ቤት ስሙ ማን ነበር? ማማ ደስታ! በወጥ ሠሪዋ በደስታ ባይሩ ስም! እኛ የተነሣነው ከዚያ ነው። ዛሬ ፓስታ የቀቀለው ልጅ «ሼፍ» ይባላል፤ ዶሮ የሠሩት እናት «ሴትዮዋ»! መንግሥት እኮ አይደለም እንዲህ የመዘገባቸው። እኛ ነን! በገዛ አፋችን!

ስለ መዋጮና ስለ ሥልጠናም ተናገር ተብያለሁ። መዋጮ ክፈሉ። ሥልጠናው በቴሌግራም ይነገራችኋል።

አሁን፣ እዚያ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ የቆማችሁ እናቶች፣ የዛሬውን ራት የሠራችሁ፣ እባካችሁ ወደ መድረኩ ኑ። ማማሰያውንም ይዛችሁ ኑ። አንተ ፎቶ አንሺ፣ ወዲህ!