መስፍኑ ያባረረው ወይን

ዮናስ፦ ዛሬ ወደ የት ነን?

ሜሮን፦ ቦዦሌ። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን። እዚያ ቀይ ወይን ካልክ ከአንድ ዝርያ ነው፣ ከጋሜ።

ዮናስ፦ ያ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ የሚወጣው? ለቀማው ሳይረሳ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው?

ሜሮን፦ እሱ ቦዦሌ ኑቮ ነው። የአገሩን ስም ያስጠራውም ያስናቀውም እሱ ነው። ጋሜ ግን ድሮም ተሰድቧል። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ «ከሃዲ ተክል» ብሎ ይነቀል ሲል አወጀ።

ዮናስ፦ ምን በደለው?

ሜሮን፦ ብዙ ያፈራላ! ገበሬው ወደደው፤ መስፍኑ ደግሞ ፒኖ ኗር የሚባለውን ሌላ ቀይ ወይን ዝርያ ነው የሚፈልገው። ወደ ደቡብ፣ የቦዦሌ ግራናይት ላይ ግን ተስማማው።

ዮናስ፦ ስሙን ማን አደሰለት?

ሜሮን፦ እኔን ከጠየቅከኝ ማርሴል ላፒየር፣ የቦዦሌዋ ሞርጎን ወይን ሠሪ። በ1973 የቤተሰቡን እርሻ ተረከበ፤ ኋላ የኬሚስቱን የዡል ሾቬን ምክር ይዞ ፀረ አረሙን ተወ፣ ስኳር መጨመሩን ተወ፣ ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ሰልፈርም ወይ ቀነሰ ወይ ጭራሽ አስቀረ። ጎረቤቱ ዣን ፎያርም በዚሁ መንገድ ሄደ።

ዮናስ፦ ያለ ሰልፈር አቼቶ አይሆንም?

ሜሮን፦ ካልተጠነቀቅክ ይሆናል። ለዚህ ነው በእጅ ለቅመው የበሰበሰውን አንድ በአንድ የሚያወጡት። ከዚያ ዘለላው ሳይጨመቅ እንዳለ ጋን ውስጥ ይገባል። የታችኛው በክብደት ይፈነዳና መብላላት ይጀምራል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋኑን ይሞላዋል። የላይኛው ፍሬ ኦክስጅን ሲያጣ ቆዳው ሳይቀደድ ከውስጥ ይብላላል። ከቆዳው ብዙ ታኒን ስለማይወጣ አፍ አያደርቅም፤ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል።

ዮናስ፦ ኑቮም እንዲሁ አይደል የሚሠራው?

ሜሮን፦ ዘዴውስ ይቀራረባል፤ ጥድፊያው ነው የሚለያቸው። ኑቮ በቀናት ውስጥ ከጋን ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም በተገዛ እርሾ ነው። እነ ላፒየር ከፍሬው ጋር የመጣውን እርሾ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወራት በአሮጌ በርሜል።

ዮናስ፦ ታዲያ ሱቅ ገብቼ «ጋሜ» የሚል ልፈልግ? ሪፍት ቫሊ ላይ እንኳ «ሜርሎ» ተጽፎ ነው የለመድነው።

ሜሮን፦ እምብዛም አታገኝም። የቦታውን ስም ነው የሚጽፉት፦ ሞርጎን፣ ፍለሪ፣ ሙላናቫ... በስማቸው የሚጻፍባቸው ቦታዎች 10 ናቸው። ከሞርጎን «ኮት ዱ ፒ» የሚል ካየህ አትለፈው። የዚያ ኮረብታ ወይን ዓመታት ይቀመጣል።

ዮናስ፦ ማቀዝቀዝስ? ቀይ ወይን ፍሪጅ ሲገባ የሚቆጡ ሰዎች አሉ።

ሜሮን፦ ይቆጡ! ግማሽ ሰዓት አስገባው፤ 13፣ 14 ዲግሪ ይበቃዋል። ሊዮኖች ከቋሊማ ጋር ነው የሚጠጡት።