መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፤ ሽማግሌው ይደርሳል

«ሲስተር» እያላችሁ ለምትደውሉልኝ አድማጮች። ደጋግመው የሚመጡትንና በአየር ሰዓቱ ያልተዳረሱትን ጥያቄዎች እዚህ በጽሑፍ መልሻለሁ። ስማችሁንም ቀበሌያችሁንም አላነሳሁም። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የተደበደቡና የተደፈሩ ሴቶችን የምቀበል ነርስ ነኝ። ሕግም የምጠቅሰው ከዚሁ ሥራዬ ጋር በሚገናኝበት ልክ ነው።

ከቢቸና በኩል የደወሉ እናት፦ «ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጎረቤት ልጅ ደፈራት። ከትናንት በስቲያ ነው የሆነው፣ የነገረችኝ ግን ትናንት ማታ ነው። ሽማግሌ ልከው አንድ ላም ከነጥጃዋ እንካስ፣ ካልሆነም ልጁ ያግባት ይላሉ። አባቷም ወደ እርቁ አዘንብሏል። ምን ይሻለኛል?»

ለእኚህ እናት ስልኩ ሳይዘጋ ነው የመለስኩላቸው። ልጅቷን ይዘው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ገብተዋል። ቀጥሎ ያለው ለሌሎቻችሁ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ሦስት ቀን ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ከዚያ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል። እርግዝናን የሚከላከለው ክኒንም፣ «ፖስት ፒል» የምትሉት፣ በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚያስተማምነው። የአባላዘር በሽታ መድኃኒት አለ፣ የጉበት ክትባት አለ፣ ቁስል ካለ የቲታነስ መርፌ አለ። ይህ ሁሉ በሰዓቱ ሲደረስ ነው።

ሽማግሌ ግን እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ዛሬ ተልኮ ይመጣል። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ» ይባላል። እሑድ አንዱ ወገን አጎቱን ይዞ ይመጣና «እሱ ሳይሰማ አይሆንም» ተብሎ ለሌላ እሑድ ይቀጠራል። ዋስ ይጠራል፣ ካሳ ይቆረጣል። ላሟ እስክትነዳ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ልጅቷ እኔ ጋ ስትመጣ 72 ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ለእሷ ግን አልሆነም። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

ሽማግሌ አልጠላም። የድንበር ጠብ፣ የደም ነገር፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ በሽማግሌ ሲበርድ አይቻለሁ። መደፈር ግን የሁለት ቤተሰብ ጠብ አይደለም። የተበደለችው አንድ ልጅ ናት። እርቁ ሲደረግ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ልጅቷ ጓዳ ቁጭ ብላ ስንት እንደተባለች ትሰማለች። ላሟ ለአባት ነው የምትነዳው። ለልጅቷ ምን ደረሳት?

«ያግባት» የሚለውን ደግሞ በቀጥታ እናገራለሁ። ልጃችሁን ለደፈራት ሰው መዳር በየሌሊቱ እንዲደፍራት መፍቀድ ነው። በ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክስ ይቀርለት ነበር። ያ ቀርቷል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ይላል። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 የሆነች ልጅን አስገድዶ መድፈር ደግሞ በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሽማግሌ የዐቃቤ ሕግን መዝገብ መዝጋት አይችልም። «ታርቀናል» ተብሎ ቢፈረምም ወንጀሉ ወንጀል ነው።

ለአባቶች። «ስሟ ይጠፋል፣ ማን ያገባታል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስሟን የሚያጠፋው የጠላ ቤት ወሬ እንጂ ሐኪም አይደለም። እኛ ጋ የምትነግረንን ለጎረቤት አንናገርም። ልጃችሁ በሕይወትና በጤና ትኑር። ትዳሩ በጊዜው፣ በፈቃዷ ይመጣል።

ሽማግሌዎችም ትሰሙኛላችሁና አንድ ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የመጣባችሁ ሰው ካለ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት «ልጅቷ ታክማለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልታከመች «መጀመሪያ አሳክሙ» ብላችሁ ተነሡ። የእናንተን ቃል ከእኔ ይልቅ ይሰሙታል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፤ ሽማግሌው ይደርሳል።

«ገላዬን ታጥቤአለሁ፣ ልብሴንም አጥቤዋለሁ። ከዚህ በኋላ ብመጣ ምን ዋጋ አለው?»

ነይ። መድኃኒቱ ከመታጠብ ጋር አይገናኝም። ሌሎቻችሁ ግን ከመምጣታችሁ በፊት አትታጠቡ፣ ልብሱንም አታጥቡ። የለበሳችሁትን አውልቃችሁ ከሆነ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡት። ፌስታል ውስጥ አይግባ፣ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል።

«የፖሊስ ደብዳቤ ካልያዝኩ ያክሙኛል?»

ለመታከም ደብዳቤ አያስፈልግም። ደብዳቤው ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ ሲፈለግ ነው የሚመጣው። ፖሊስ በ991 ይደወላል። መንገድ ተዘግቶ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ትልቁ ሆስፒታል መድረስ ካልቻልሽ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥ ቅርብ ጤና ጣቢያ ግቢ። እዚያ መጀመር ይቻላል። ደብዳቤ ስትፈልጊ ሰዓቱ አይለፍሽ።

ከደምበጫ የደወለ ወንድም፦ «ሲስተር፣ አልፎ አልፎ በጥፊ ማለት ቤት ያስተካክላል። አባቶቻችን እንዲህ ነው የኖሩት። አሁን እሱም ወንጀል ሊሆን ነው?»

አዎ፣ ወንጀል ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ተብሎ ተጽፏል። በጥያቄህ አልተቆጣሁም። ጠይቀሃል፣ ዝም ብሎ ከሚመታው ትሻላለህ። ግን ልንገርህ። እኔ ጋ በጥፊ ብቻ የመጣች የለችም። የሚመጡት ከጥፊ ተነሥቶ ዱላ የደረሰባቸው ናቸው። የጆሮዋ ታምቡር የተበሳባት፣ ክንዷ የተሰበረባት፣ ከነሆዷ ተመትታ ጽንሷ የወረደባት። የሁሉም ባሎች «አልፎ አልፎ ነው» ነው የሚሉት።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዲህ ብሎ ጠይቆ ነበር። ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ብትከራከረው፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ መኝታ ብትከለክለው፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው? ከሴቶቹ 63 በመቶ ቢያንስ ለአንዱ ምክንያት «አዎ» አሉ። ከወንዶቹ 28 በመቶ። አየህ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ይገባናል ይላሉ። እናቶቻችን «ቻዪው» እያሉ አሳድገውናል። ስለዚህ ይህን ለአንተ ብቻ አይደለም የምናገረው። ልጇን «ባል ነው፣ ይበርድለታል» ብላ የምትመልስ እናትም ትስማኝ። ሁለተኛ ስትመጣ በቃሬዛ ልትመጣ ትችላለች።

እጅህን አልቆጣጠር የሚልህ ከጠጣህ በኋላ ከሆነ፣ መጠጡን ለማቆም እርዳታ አለ። ሆስፒታል ሄደህ ጠይቅ። ሲመሽብህና ሲያናድድህ ደግሞ ከቤት ውጣ። የሚወጣው ሰው አንተ ሁን፣ እሷ በሌሊት ልጅ አዝላ አትውጣ።

«ባለቤቴ አንገቴን አነቀኝ። ቁስል የለኝም፣ ድምፄ ብቻ ጎርነን ብሏል። ይተወኛል?»

አሁኑኑ ሂጂ። ነገ አትበዪ። አንገት ሲታነቅ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ውስጥ ያለው የደም ሥር ግን ተጎድቶ ከቀናት በኋላም አንጎል ላይ አደጋ ያደርሳል። የድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ዓይን ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ፣ ራስ ምታት፣ ሰውነት መዛል ካለ ዝም አይባልም። ሌላም አለ። አንድ ጊዜ ያነቀ ባል ከሌላው ተደባዳቢ ይልቅ ሊገድል ይችላል። ዛሬ እዚያ ቤት አትደሪ፣ ዘመድ ጋ እደሪ። ለሽማግሌ ነገ ይነገራል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ።

«ልጄ 16 ናት። ሽማግሌ ተልኮ ጥሎሹ ተስማምቷል። ቀበሌም 18 ብሎ ይጽፍልናል ብለውናል።»

አይሆንም። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በአንቀጽ 648 እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት። ወረቀት ላይ ዕድሜ ስትጨምሩ ማሕፀኗና ዳሌዋ አብሮ አይጨምርም። ምጥ ይጠናባታል። ፊስቱላ ማለት ሽንት ሳታውቀው እየፈሰሳት፣ ባል ትቷት፣ ጎረቤት ሸሽቷት የምትቀር ልጅ ማለት ነው። ባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ያክማታል፣ የምትድነውም ብዙ ናት። እዚያ ከመድረሷ በፊት ግን ትምህርቷን ትጨርስ።

«ጥዬው ብወጣ መሬቱን ይወስድብኛል?»

የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስምና ፎቶ ካለ አይወስድብሽም። ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቢቆልፍብሽም መዝገቡ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይገኛል። በትዳር ያፈራችሁት ንብረትም የጋራ ነው። ስትወጪ መታወቂያሽን፣ የልጆቹን የክትባት ካርድና የምትወስጂው መድኃኒት ካለ እሱን ያዢ። እነዚህን ቀደም ብለሽ ከምታምኛት ሰው ዘንድ ማስቀመጥም ይቻላል። የቀረውን ሕግ አዋቂ ይንገርሽ። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም በር አለልሽ።

«ባሌ ሳልፈልግ ያስገድደኛል። ትዳር ውስጥ መደፈር አለ ወይ?»

በደሉ አለ። ሕጉ ግን አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ስለወሰነው በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። ይህ መለወጥ ያለበት ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢመታሽ፣ ቢያቆስልሽ ግን በድብደባው ይከሰሳል። ፍቺም መጠየቅ ትችያለሽ። ለመታከም ደግሞ ማን እንዳደረሰው ለውጥ የለውም። ለኤች አይ ቪ የምትሰጊ ከሆነ ያው 72 ሰዓት ነው፣ ነይ።

«ከተደፈርኩ በኋላ አርግዣለሁ።»

ሳትውይ ሳታድሪ ሆስፒታል ነይ። በሕጉ አንቀጽ 551 እንዲህ ያለውን ጽንስ ማቋረጥ የተፈቀደ ነው፣ የአንቺ ቃል ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። ደፋሪው እስኪያዝ፣ ፍርድ እስኪሰጥ አይጠበቅም። ማቋረጥም ማሳደግም የአንቺ ውሳኔ ነው። ሥር የሚቆፍሩልሽ ሴትዮ ጋ ግን አትሂጂ። እሱ ነው የሚገድለው።

«ወንድ በሚስቱ ቢደበደብስ?»

ሕጉ «የትዳር ጓደኛ» ነው የሚለው። እርስዎም ይምጡ፣ እናክምዎታለን።

«ጎረቤቴ ሌሊት ትጮኻለች። በባልና ሚስት መካከል መግባት ነውር ነው ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ግቢ እንጂ! ብቻሽን አይደለም፣ ሌላ ጎረቤት ቀስቅሰሽ። በዱላ መካከል አትቁሚ። በሩን አንኳኪ። ገል ይዘሽ «እሳት ልጫር» በይ፣ «ልጄ አመመው፣ መድኃኒት አላችሁ?» በይ። በሩ ሲንኳኳ ብዙ ጊዜ እጁ ይወርዳል። ካልወረደ ፖሊስ ጥሪ። ጠዋት ደግሞ እሱ ሲወጣ ግቢና «ሰምቻለሁ፣ ቤቴ ክፍት ነው» በያት። «ምን ብትሠሪው ነው?» ብለሽ ግን አትጠይቂያት።

«መድኃኒቱን ጀምሬ ሲያቅለሸልሸኝ በስድስተኛው ቀን ተውኩት።»

ለምን ተውሽው እኅቴ? ማቅለሽለሹ የሚጠበቅ ነው፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። ጾም ነው ብለሽ ባዶ ሆድሽን እየዋጥሽው ከሆነ ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፣ በሽተኛ ይፈቀድለታል። አሁን ግን በራስሽ አትቀጥዪው። ወደሰጡሽ ክሊኒክ ዛሬ ተመለሺና እነሱ ይወስኑ።

«ልጄ ከተደፈረች ዓመት አለፋት። አሁንም ሌሊት እየጮኸች ትነሣለች፣ ወንድ ሲነካት ትደነግጣለች። ጠበል ወስደናት ነበር።»

ጠበሉን አትከልክሏት፣ ደስ ካላት ትጠመቅ። አሥረው ካጠመቋት ወይም «ዛር ይዟታል» ብለው ካስፈራሯት ግን መልሷት። ልጅቷ አላበደችም። የደረሰባት ነገር ሌሊት እየተመለሰ ነው፣ ይህ የሚታከም ሕመም ነው። «እርሺው» አትበሏት። አጠገቧ የሚተኛ ሰው ይኑር፣ መብራትም ካላችሁ አታጥፉባት። ራሷን ልታጠፋ እንደምታስብ ከተናገረች ለአፍታም ብቻዋን አትተዋት። ከዚህ በላይ በጽሑፍ የምለው የለኝም። የሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ክፍል ውሰዷት፣ ባለሙያው ፊት ለፊት ይያት።