ከመፋቃችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ጠረጴዛ ነው። አዎ፣ ስለ ጠረጴዛ።

አክስቴ ቤት እኔ ሳልወለድ የተሠራ የዋንዛ ጠረጴዛ አለ። ላዩ በነጫጭ ክቦች ተሞልቷል። ትኩስ ሲኒ ሲቀመጥበት፣ አረቄ ሲፈስበት ኖሯል። ጎጃም ነው፤ እንግዳ የሚገባበት ቤት ጠረጴዛ አረቄ ሳይቀምስ አይቀርም። የዘመዱ ሁሉ ምክር አንድ ነው፦ «ፋቂውና ቫርኒሽ ቀቢው፣ ተገላገይ!»

አልስማማም። ነጭ ከሆነ ጉዳቱ ቅቡ ላይ ነው፤ እርጥበት ገብቶ ታፍኖ ቀርቷል። ከጠቆረ ግን ውሃው እንጨቱ ድረስ ዘልቋል፤ ያኔ መፋቅ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሳያዩ ብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ችኮላ ነው።

ቅቡ ምን እንደሆነም እወቁ። ከሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ሞክሩት። ከሟሟ ጎማላካ የሚባለው የእንጨት ቅብ ሳይሆን አይቀርም። ምንም ካላለው ሌላ ቅብ ነው፤ የዛሬው ወሬዬ እሱን አይመለከትም።

የአክስቴ ጎማላካ ነው። እነ ህንድ አገር ዛፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያወጡት ሙጫ ይሠራል። ሙቀት አይችልም፣ አልኮል አይችልም። «ደካማ ቅብ» ይሉታል። እኔ ግን ይሄን ድክመቱን ነው የምወድለት። የሚሟሟ ነገር ይጠገናል፤ አዲሱ ሲቀባ አሮጌውን ትንሽ አሟሙቶ አብሮት አንድ ይሆናል። ያ አናጢ ሲቀባው፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው እንደሚያድሰው ያሰበ ይመስለኛል።

እንግዲህ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ በአልኮል ረጠብ አድርጉ። ረጠብ ነው ያልኩት፤ ከተንጠባጠበ በዝቷል። ነጩን ለኮፍ አድርጋችሁ እለፉና እጃችሁን ሰብስቡ። ቅቡን የሚገፈው መመላለስ ነው። ቅቡ ለስለስ ሲል የታፈነው እርጥበት ይወጣል፤ ነጩ ዓይናችሁ እያየ ይደበዝዛል። ከተጣበቀባችሁ አቁሙ፣ ይድረቅ።

አክስቴ «አረቄውስ አይሆንም?» ብለውኝ ነበር። አይሆንም እትዬ! ውሃ አለበት፤ ነጩን ያባብሰዋል። ደግሞ አደራ፣ ከሰል በተያያዘበት ክፍል አልኮል አትክፈቱ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይም አትጀምሩት። አልኮሉ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያው ያርፍና መልሶ ነጭ ይላል። የእኛን ክረምት ታውቁታላችሁ። መስከረም ይጥባና ሞክሩት፤ እንዴት እንደሆነላችሁም ንገሩኝ። ቸር ሰንብቱ!