እማዬ «ቤት ውለጂ» ስትለኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን አንድ ክርክር አለ። እናቴ «እኔ ጋ ነይና ቤት ውለጂ» ትለኛለች። እኔ እዚሁ ደሴ፣ ሆስፒታል ነው የምወልደው ብያለሁ። ውሳኔዬ አይቀየርም። ግን እሷ የምትለውንም ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምክንያቱም ከምትለው ውስጥ ብዙው እውነት ነው።

እናቴ የለጋምቦ ሰው ናት፣ አቀስታ አካባቢ። እኔንም ወንድም እህቶቼንም የወለደችን ቤት ነው። ስታወራው ብትሰሟት ደስ ይላችኋል። ምጥ ሲጀምራት ጎረቤት ይጠራል። ወንዶቹ ከቤት ይወጣሉ። የለጋምቦን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሳት ይነድዳል። ቡና ይፈላል፤ አድሩሱ፣ ዕጣኑ ማለት ነው፣ ይጨሳል። ዱበርቲዎቹ፣ ለዱዓ የሚጠሩት ሴቶች፣ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶቿ «ማርያም! ማርያም!» ሲሉ የኛዎቹ የነቢዩን ልጅ ፋጡማን ይጠራሉ። ወሎ ነው፤ በምጥ ሰዓት ማንም ማንንም «ለምን እሷን ጠራሽ» አይልም። እናቴ ተንበርክካ ታምጣለች። የልምድ አዋላጇ ከኋላዋ ወገቧን ትይዛታለች። ሌላዋ ከፊቷ ሆና ትከሻዋን ታስደግፋታለች። ልጁ ሲወጣ እልልታ ነው። ከዚያ ገንፎው፣ ቅቤው፣ አጥሚቱ፣ እንግዲህ የአራስ ቤት ወጉ ይቀጥላል።

«አንድም ሰዓት ብቻዬን አልነበርኩም» ትለኛለች። ሁሌም እዚህ ላይ ድምጿ ይለወጣል። ለሷ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ የአክስቴን ልጅ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያ ልጇን አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ነው የወለደችው። የቱ እንደሆነ አልናገርም። ክትትሏን አንድም ሳታጓድል የጨረሰች ናት። ምጥ ሲይዛት ራሷ «ውሰዱኝ» ብላ ነው የሄደችው። በር ላይ እናቷን «እዚህ ጠብቂ» አሏት። እሷን ልብሷን አስወልቀው፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ በጀርባዋ አስተኟት። መጋረጃ የለም። የሚገባውም የሚወጣውም ያያታል። ስትጮህ «ስታረግዢ ጮኸሽ ነበር?» አሏት። ይሄንን ንግግር ስንቶቻችሁ ሰምታችሁታል? እኔ ከብዙ ሴቶች ሰምቼዋለሁ።

በሰላም ወለደች። ልጇም ደህና ነው። ሁለተኛዋን ግን ቤት ወለደች። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እዚያ አልመለስም» አለች።

ይህቺ ሴት ቤት ስትወልድ ሪፖርት ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? «የግንዛቤ እጥረት»። ይሄ ነገር ያበሳጨኛል። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቁጭ ብላ የአደጋ ምልክቶችን አንድ በአንድ የተማረች ሴት ናት። ሁሉንም ታውቃለች። የሆነባትንም ጭምር ታውቃለች። አይታ፣ አመዛዝና ነው የቀረችው። ሴት ቤት በቀረች ቁጥር አላዋቂ ናት ካልን፣ ተቋሙን ማስተካከል ያለበት ሰው እፎይ ብሎ ይቀመጣል።

ታዲያ አንቺ ለምን ሆስፒታል መረጥሽ ትሉኝ ይሆናል። በደም ምክንያት ነው። ዋናው እሱ ነው።

ልጅ ከወጣ በኋላ ማህፀን መኮማተር አለበት። ካልተኮማተረ፣ የእንግዴ ልጁ ተጣብቆ የነበረበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀርና ደም ይፈስሳል። ከግማሽ ሊትር ካለፈ የደም መፍሰስ ችግር ይባላል። በጣም ሲበረታ ሴትየዋ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ጤነኛ የነበረች፣ እየሳቀች የነበረች ሴት! ቀድሞ የሚያስታውቅ ነገር ላይኖረውም ይችላል። ጤና ጣቢያ ብትወልድ ልጁ እንደወጣ ወዲያው ጭኗ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። አንድ መርፌ ናት። ግን መድኃኒቱ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ፍሪጅ ይፈልጋል። ሚሶፕሮስቶል የሚባል ኪኒንም አለ፣ እሱ ፍሪጅ አይፈልግም። መርፌው በሌለበት ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክረዋል። ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ደም መስጠት ካስፈለገ ግን ደም ያለው ሆስፒታል ነው። ደሴ ደም ባንክ አላት። የእናቴ ቤት የላትም።

የደም ግፊቱም አለ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ፣ ዓይን ብዥ ሲል፣ ነገሩ ወደ ማንቀጥቀጥ ሊሄድ ይችላል። እናቴ ጋ አንዲት የጎረቤት ሴት በምጥ ላይ እያለች እንዲህ አንቀጥቅጧት ነበር። «ጂን ነው» ተብሎ ወዳጃ፣ የጋራ ዱዓ፣ ተቀመጡ። በዱዓ አልቀልድም፤ እኔም ዱዓ አድርጉልኝ ብዬ የምለምን ሰው ነኝ። ግን ለዚህ ሕመም ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ። ዱዓውም መርፌውም አንድ ቦታ ቢገኙ ምን ነበረበት? ያቺ ሴት አልተረፈችም።

ስለ መንገዱማ ምን ልበላችሁ። ወሎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደላንታ፣ ተንታ፣ ቦረና፣ ሁሉም ተራራና ገደል ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተቀባበሉ፣ መኪና የሚገባበት ቦታ ድረስ ያወርዷታል። ከዚያ አምቡላንስ ይጠበቃል። ክረምት ከሆነ ጭቃው አለ። የጤና ባለሙያዎች ሦስቱ መዘግየቶች ይሏቸዋል፦ ለመሄድ መወሰን ላይ መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ደግሞ አገልግሎት እስኪገኝ መዘግየት። የአክስቴን ልጅ ያስቀራት ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም። የደላንታዋን ሴት የሚገድላት ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ነው የእናቶች ማቆያ የሚባለውን ነገር የምወደው። ሩቅ ያለች ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ መጥታ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ትቆያለች። ምጡ ሲመጣ ክፍሉ እዚያው ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የጀመረው። አንዳንድ ቦታ ሴቶቹ ራሳቸው ቡና ያፈላሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ። ገንፎ ማገንፋት ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ አራስ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሴትየዋ ማቆያ ስትገባ ቤት ያሉትን ልጆች ማን ያያል? ከብቱን ማን ያጠጣል? ባልየው «እኔ አለሁ» ካላለ፣ ማቆያው አልጋ ባዶውን ይቀራል።

ለውጥ የለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ጤና ተቋም ውስጥ ይወለዱ የነበሩት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2019 ወደ 48 ደርሷል። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በ2000 ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች አንጻር 871 ነበሩ፤ በ2016 ጥናት 412 ሆነዋል። እነዚያ በየቤቱ እየዞሩ ያስተማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ውለታቸው ብዙ ነው።

እኛ ጋ ግን በኛ አቆጣጠር 2014ም አለ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታሉም ጤና ጣቢያውም ተዘረፈ። አልጋ፣ መድኃኒት፣ መሣሪያ፣ ሁሉም። በዚያ ወቅት ምጥ የያዛት ሴት ምርጫ አልነበራትም። በስደት መንገድ ላይ የወለደች አለች፤ የሰው ቤት ገብታ የወለደች አለች። ያኔ የደረሱላት እነዚያ «አትንኩ፣ አታዋልዱ» የተባሉት አሮጊቶች ነበሩ። ስለዚህ የልምድ አዋላጅ ሲሰደብ ስሰማ ደስ አይለኝም። መርፌ የላቸውም፣ እውነት ነው። ማንም በሌለበት ቀን የተገኙት ግን እነሱ ናቸው።

ወደ እናቴ ልመለስ። እንግሊዝ አገር የምትኖር የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። ሁለተኛ ልጇን ቤቷ፣ ሳሎኗ ውስጥ ነው የወለደችው። እናቴ ይሄንን ሰማች። «በይ እንግዲህ! ፈረንጆቹም ቤት እየወለዱ ነው» አለችኝ።

ጓደኛዬን ጠየቅኳት። የተማሩ አዋላጆች ቤቷ ድረስ መጥተውላታል። ኦክሲቶሲኑን፣ ኦክስጅኑን፣ ሕፃን የሚያስተነፍሱበትን ይዘው ነው የመጡት። ከፋ ቢባል አምቡላንሱ በደቂቃዎች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያው እንግሊዝ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ከ64,000 በላይ፣ ለአደጋ ያልተጋለጡ የተባሉ ሴቶችን ወሊድ ነው ያየው። ከዚህ በፊት ለወለደች ሴት፣ ቤትም ሆነ ሆስፒታል፣ በሕፃኑ ላይ በሚደርስ አደጋ ልዩነት አልተገኘም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልድ ግን ልዩነት ነበረው። ሆስፒታል ለመውለድ ካሰቡት ከ1,000 ውስጥ 5.3 ከባድ ችግር ሲገጥም፣ ቤት ካሰቡት 9.3 ነው። ደግሞም ቤት ሊወልዱ ካሰቡት የመጀመሪያ ወላጆች ከመቶ 45ቱ በምጥ ላይ ወይ ወዲያው ከወለዱ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል።

ለእናቴ አስረዳኋት። «እማዬ፣ እኔ የመጀመሪያዬ ነው። ከመቶ 45ቱን መኪና ይዟቸው ሄዷል። እኔ ያንቺ ቤት ምጥ ቢጠናብኝ በምን ትወስጂኛለሽ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «በቃሬዛ ነዋ» አለች። ከዚያ «እሺ በቃ፣ እኔው እመጣለሁ። ግን በር ላይ አልቆምም» አለች።

በር ላይ አልቆምም ስትል ልክ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ላይ አለ። የምታምጥ ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። በፈለገችው አኳኋን፣ ተንበርክካም ቢሆን፣ እንድትወልድ ይመክራል። ልጁ እንዲወጣ መውለጃዋን ለማስፋት ሁሉንም ሴት በልማድ መቅደድንም አይደግፍም። ያ እናቴ የምትናፍቀው ነገር፣ ከኋላ የሚይዝ ሰው፣ መንበርከኩ፣ ይሄው መመሪያ ውስጥ ገብቷል።

ለክትትል ስሄድ ሲስተሯን ጠየቅኳት። «እናቴ አብራኝ ትግባ?» አልኳት። «ክፍሉ የጋራ ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች ያፍራሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባልም እናትም ቢገባ፣ ጎን ያለችው ተራቁታ ነው ያለችው። ታዲያ መልሱ መጋረጃ ነው! መጋረጃ የውጭ ምንዛሪ አይጠብቅም። አንድ ዕድር አዋጥቶ ሊሰቅለው ይችላል። ሲስተሯም ቀና ሰው ናት፤ በአንድ ፈረቃ ስንት ሴት እንደምታዋልድ ስትነግረኝ አዘንኩላት። ቁጣው ከየት እንደሚመጣም ገባኝ። ግን ሴትን መሳደብ ድካም አያቀልም።

በመጨረሻ ተስማማን። እናቴ አንድ ሰው ሆና ትገባለች፣ ንጹሕ ነጠላ ይዛ። ባለቤቴ ውጪ ሆኖ መኪና ያዘጋጃል፤ ደም ካስፈለገ የሚሰጡ ወንድሞቼን ከአሁኑ ነግሯል። የአክስቴ ልጅ ገንፎውን ይዛ ትመጣለች። ጎረቤታችን እትዬ «ማርያምን እኔ እለምንልሻለሁ፣ አንቺ አብሽሪ» ብላኛለች።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ወልድያ፣ ከሚሴ፣ መካነ ሰላም፣ ሐይቅ ያላችሁ፣ ስትወልዱ ሰው አብሯችሁ እንዲገባ ፈቀዱላችሁ? አዋላጅ ነርስ የሆናችሁ ደግሞ፣ እንዳትፈቅዱ የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው? ክፍሉ ነው? አለቃ ነው? የሰው ብዛት ነው? በድምፅ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል ስማችሁን ሳልጠራ አሰማዋለሁ። ከዚያም ያንን ድምፅ ይዤ የእናቶች ክፍል ኃላፊዋ ጋ እገባለሁ፤ ቀጠሮ ይዣለሁ። ደህና ሁኑልኝ።