ቀንድ አውጣው ጠጥቶ ሄደ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ወሬዬም ስለ ቀንድ አውጣ ነው። አትሳቁ።

ሰላጣ ተክዬ ነበር። ማታ ደህና የነበረው ቅጠል ጠዋት ወንፊት ሆኖ ይጠብቀኛል። አፈሩ ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልጋግ አለ። ጥፋተኞቹ ሁለት ናቸው፤ ቤቱን ተሸክሞ የሚዞረው ቀንድ አውጣና ቤት የሌለው ዘመዱ። ቤት የሌለው ይብሳል፤ የማይገባበት ስንጥቅ የለም።

መርዝ በትንና ተገላገል ያሉኝ ነበሩ። ሜታልዴሃይድ ያለበት መርዝ ግን ውሻም ይገድላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይበተን ከልክላዋለች። ስለዚህ ወደ ቢራ ወጥመድ ዞርኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጎድጓዳ ዕቃ አፈር ውስጥ ትቀብሩና እስከ ግማሹ ቢራ ትሞሉበታላችሁ። የሚስባቸው የእርሾው ሽታ ነው፤ ቢራ ከሌለ ውሃ፣ ስኳርና እርሾ በጥብጣችሁ ብታስቀምጡም ይሠራል። የዕቃው ጠርዝ ግን ከአፈሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። እኔ ከመሬት እኩል አድርጌ ቀበርኩት። በማግስቱ ሳይ ሁለት ጥቁር ጥንዚዛዎችም ሰጥመዋል። እነሱ እኮ ቀንድ አውጣ በሊታ ናቸው! የገዛ ዘበኞቼን ገደልኩ።

አስተካክዬ ቀጠልኩ። በየጠዋቱ ሬሳ መቁጠር ሱስ ሆነብኝ። 7፣ 11፣ 9። ሰላጣውን ግን አልቆጠርኩም።

አንድ ማታ ዝናቡ ሲያባራ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። አንዱ ወፍራም ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ግማሽ ሰውነቱን ወደ ታች ለቆ ይጠጣል። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ሰበሰበና ዞረ። ቀጥታ ወደ ሰላጣዬ። ባትሪውን እንዳበራሁ ቆሜ ቀረሁ። ወጥመዱን የቀበርኩት የሰላጣው መደብ መሃል ነው ለካ! ደግሼ የጠራኋቸው እኔው ነኝ።

በማግስቱ ዕቃውን ነቅዬ ከመደቡ ዳር፣ እነሱ ከሚመጡበት ከሣሩ በኩል ቀበርኩት። አጠገቡም ጣውላ በጠጠር ትንሽ ከፍ አድርጌ አጋደምኩ። ከጣውላው ሥር የጠወለገ ቅጠል አኖርኩ። ፀሐይ ሲወጣ ጥላና እርጥበት ፍለጋ እዚያ ይሰበሰባሉ። ጠዋት ስገለብጠው እንደ ዶቃ የተከመረ ነጭ እንቁላል ሳይቀር አገኘሁ። ይሄን የቢራው ዕቃ በጭራሽ አያሳያችሁም። ውሃ ማጠጣቱንም ከማታ ወደ ጠዋት አዞርኩት፤ ማታ መሬቱ ከረጠበ ለእነሱ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው።

ቢራውን አልተውኩም። በየሁለት ሦስት ቀኑ እቀይረዋለሁ፤ አለዚያ ሽታው አያስቀርብም። እንቁላሉን ስጨፈልቅ ደስ አይለኝም፣ አልዋሽም። ግን እጨፈልቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት 14 ሰላጣ ቆጠርኩ። 3ቱ ተነክሰዋል።